ትንሽ ዕቃ ትልቅ ስም ትሸከማለች

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። በአምባሰል ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ በስፋቷ ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች አትበልጥም። ስሟ ግን ከራሷ በልጦ ሄዷል። የኢትዮጵያን ታሪክ በጥቂቱ የተማረ ተማሪ ሁሉ ውጫሌን በዓይኑ ባያያትም በስሟ ያውቃታል። አምባሰልም እንዲሁ ነው፤ ተራራውን ያልረገጠው ሰው እንኳ በአምባሰል ቅኝት ሲዘፈን ሰምቶ ስሙን ይጠራል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ተከፍተዋል እንበል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስኳርና አንድ ዓይነት ሳሙና በአንድ ዓይነት ዋጋ ይሸጣሉ። ሆኖም ገበያተኛው አንደኛውን ሱቅ በስሙ እየጠራ ይሄድበታል፤ ሁለተኛውን ግን «ያ ከጎኑ ያለው» ይለዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ብዙ ጊዜ መልሱ እንደዚህ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው ባለሱቅ ለአዲሱ ዓመት ስሙ የታተመበት ካላንደር ለደንበኞቹ አድሏል፤ ያ ካላንደር ከየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ይታያል።

በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስነገር ለትንሽ ነጋዴ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ካላንደር፣ እስክሪብቶ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ቆብ፣ ካናቴራና ከረጢት የድኻው ነጋዴ ለፋፊዎች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ስምን በርካሽ ዕቃ ላይ አትሞ ማደል በእርግጥ ይጠቅማልን? የሚጠቅም ከሆነስ በምን ጊዜ ይጠቅማል፣ በምንስ ጊዜ ገንዘብን ወደ ወንዝ እንደ መጣል ይሆናል?

የተማሪዎቹ ከረጢት

የዚህ ንግድ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መነሻ የሚደረገው ኮሾክተን የተባለችው የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ናት። በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በዚህች ከተማ ጃስፐር ሚክ የተባለ ጋዜጣ አሳታሚ ነበር። የማተሚያ መኪናው ከአንዱ እትም እስከ ሌላው እትም ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቆም ስለ ነበር፣ ይህን ባዶ ጊዜ በምን እንደሚሞላው ያስብ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዓመታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ መጽሐፎቿን መሬት ላይ ስትጥል አየ ይባላል። ወዲያው ካንትዌል ወደሚባለው ጫማ ሻጭ ሄዶ የሱቁ ስም የታተመበት ከረጢት ለልጆች በነጻ እንዲያድል መከረው።

ነጋዴውም ምክሩን ተቀበለ። ልጆቹ መጽሐፍ መያዣ አገኙ፤ ነጋዴውም በከተማዋ መንገድ ሁሉ ስሙን ተሸክመው የሚዞሩ ልጆች አገኘ። ደመወዝ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኮሾክተን የዚህ ዓይነት የማስታወቂያ ዕቃ የሚመረትባት ከተማ ሆነች።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የከረጢቱ ርካሽነት ብቻ አይደለም። ከረጢቱ ለልጆቹ የሚያስፈልግ ዕቃ ነበር። ሰው የማይጠቅመውን ስጦታ ተቀብሎ ያመሰግናል፤ ከዚያም ይጥለዋል። የሚጠቅመውን ግን ይዞ ይዞራል።

የአገር ስም ሲጠፋ

በዚያው በ1880ዎቹ፣ ከኮሾክተን እጅግ በራቀችው በአምባሰል ምድር፣ ስለ ስም የሚደረግ ሌላ ታላቅ ነገር ተጀመረ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1889) በውጫሌ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል ውል ተፈረመ። የዚህ ውል 17ኛው ክፍል በአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። በኢጣልያንኛው ግን መቻል ወደ ግዴታ ተለወጠ።

በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆኗን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮጳ ነገሥታት ባስታወቁ ጊዜም ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ ነገሩ በኢጣልያ በኩል መሄድ እንደሚገባው የሚያመለክት ነበር። አገሪቱ በመሬቷ ላይ ነጻ ነበረች፤ በአውሮጳ ወረቀት ላይ ግን ስሟ ከሌላ ስም በታች ተጽፎ ነበር።

ምኒልክ በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ በዐድዋ ተቈረጠ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የውጫሌን ውል መሻር ተቀብላ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አወቀች። ይህን ሁሉ ተማሪ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በክርክሩና በጦርነቱ መካከል ከፓሪስ የታዘዙት ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ቴምብርና ገንዘብ ናቸው።

ቴምብሩና ብሩ

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋሉ። ዓይነታቸው 7 ነበር። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ዘውድ ጭኖ ይታያል፤ በሦስቱ ላይ ደግሞ አንበሳ አለ። ዋና ሥራቸው የፖስታ ዋጋ መክፈል ነው፤ ይሁን እንጂ ቴምብር ከዚህ ሌላ አንድ ጠባይ አለው። ከአገሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቴምብር ሰብሳቢዎችም ይፈልጉታል፣ ይገዙታል፣ በአልበማቸው ያኖሩታል። ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ በአውሮጳ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። ስለ ውጫሌ ውል አንዲት መስመር ያላነበበ ሰው እንኳ ራሱን የቻለ ንጉሥና ራሱን የቻለ ፖስታ ያለው አገር መኖሩን በጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ያይ ነበር።

ቴምብሮቹ አንድ ጉድለት ነበራቸው። ጽሕፈታቸው በራሳችን ፊደል ብቻ ስለ ነበር ባዕድ ሰው የአገሩን ስም ማንበብ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል በላያቸው ላይ ታተመ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ስም የሚታተመው ለባለቤቱ ሳይሆን ለሚያነበው ሰው ነው።

የብሩ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። በፓሪስ በተሠራው ብር አንደኛ ገጽ ላይ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚል ጽሕፈት ነበረበት፤ በሌላው ገጽ ላይ አንበሳው ነበር። ሥራው ያማረ፣ ብሩም መልካም ነበር። ነገር ግን ወደ ገበያ ሲወጣ አንዲት ባላጋራ ቆማ ጠበቀችው። ይህችውም ማሪያ ቴሬዛ ናት።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጠገራዎች ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዙ ቀሩ። የአገራችን ነጋዴና ባላገር ጠገራውን ሲቀበል በራሷ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ፈርጦች በጥንቃቄ ይመረምር ነበር፤ ፈርጡ የደበዘዘውን አልቀበልም ይላል። ገበያተኛው ንግሥቲቱ ማን እንደ ነበረች፣ አገሯም ወዴት እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው ነገር ያ መልክ ያለበት ብር አባቱንም አያቱንም አለማታለሉን ነው።

ስለዚህ የምኒልክ ብር፣ የአገሩ ንጉሥ መልክ የታተመበት ሆኖ ሳለ፣ የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ከገበያ ሊያስወጣ አልቻለም። ጠገራው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ሲሠራበት ኖረ። በኃያል መንግሥት የተደገፈ ስም እንኳ በአንድ ቀን አልታመነም። መልክ ያስተዋውቃል፤ የሚያስታምነው ግን ከመልኩ በታች ያለው ብር ነው።

አሥራ ሦስተኛው ወር

በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ ሌላ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ስም በወረቀት ላይ አሳትሞ ወደ ውጭ ላከ። ይህ ሰው የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ለአገር ጎብኚ የሚሆን ልዩ ነገር ሲፈልጉ እኛ በየቀኑ የምናየውንና ከመልመዳችን የተነሣ የማንደነቅበትን ዘመን አቈጣጠራችንን አገኙ። ሌላው ዓለም 12 ወር አለው፤ እኛ 13። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው ቃል በፖስተር ላይ ታትሞ ወጣ። ይህ አባባል እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ፣ «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ፣ ከ50 ዓመት በላይ የአገሪቱ መጠሪያ ሆኖ ኖረ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? አጭር ነው፤ እውነት ነው፤ ከሌላው ይለያል። ሦስቱንም ያሟላ ቃል ብዙ ወርቅ ከፈሰሰበት ማስታወቂያ ይበልጣል።

ለዛሬ ነጋዴ የሚሆን ምክር

እንግዲህ ወደ ውጫሌው ባለሱቅ እንመለስ። ይህ ሰው 100 ካላንደር አሳትሞ ቢያድልና በየቤቱ 5 ሰው ቢኖር፣ ስሙ በየቀኑ ከ500 ሰዎች ዓይን ፊት ይውላል፤ ያውም ዓመቱን በሙሉ። በዓላትና አጽዋማት በትክክል የተመለከቱበት፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም በዓል ያልተዘነጋበት ካላንደር ከሆነ፣ በወሎ ቤት ከግድግዳ የሚያወርደው የለም። ለተማሪ እስክሪብቶ ወይም የትምህርት ሰዓት መመዝገቢያ ካርድ፣ ለሾፌር የቁልፍ መያዣ፣ መንገድ ዳር ቆማ ለምትነግድ ሴት ጃንጥላ ይስማማል። ዕቃው ከሚቀበለው ሰው ኑሮ ጋር ሊገጥም ይገባል።

እስክሪብቶው የማይጽፍ እንደ ሆነ ግን ምን ይሆናል? ተቀባዩ ሊጽፍበት ሲሞክር ቀለሙ እንቢ ይለዋል፤ በዚያች ደቂቃ ዓይኑ የሚያርፈው በላዩ ላይ በታተመው ስም ላይ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ከፍሎ ራሱን አሰደበ ማለት ነው። ከ1,000 የማይጽፍ እስክሪብቶ 200 የሚጽፍ ይሻላል።

ጽሑፉም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ደጋግሞ መታየት አለበት። አንዲት የስልክ ቁጥር ብትሳሳት 100ውም ካላንደር ደንበኛን ወደ ሌላ ሰው ይልካል። በአንዲት ቃል ምክንያት ስንት መከራ እንደ መጣ ከውጫሌ ሰው የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ስሙ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላው እንዳይወስደው በሕግ ማስመዝገብ ይገባል። ስለ ንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለዚህ የቆመ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ስማቸውን ለማሳወቅ ሲደክሙ ይኖሩና ለማስመዝገብ ሲባሉ ነገ ይላሉ።

ስጦታና ጉቦ

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ለማንኛውም ገበያተኛ በአደባባይ የሚታደል ካላንደር ማስታወቂያ ነው። ከፋይሉ ጋር ተያይዞ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በር ተዘግቶ የሚሰጥ ነገር ግን ስም ቢታተምበትም ማስታወቂያ አይደለም። የማስታወቂያ ስጦታ በብዙ ሰው ፊት መታየትን ይወዳል፤ ጉቦ ግን መታየትን ይጠላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የማይገባ ጥቅም የሚቀበለውንም የሚሰጠውንም ይቀጣል። ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ የሚሰጠውን ዕቃ ከመቀበሉ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ «ይህ ዕቃ ከደጅ ለቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ይሰጣልን? እኔስ አለቃዬና ባለጉዳዩ እያዩኝ ልቀበለው እችላለሁን?» መልሱ አይደለም ከሆነ እጁን ይሰብስብ። ነጋዴው የራሱን ስም ሲያሳድግ የሠራተኛው ስም ሊጠፋ አይገባም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ በወሎ ገበያ ከ150 ዓመት በላይ መልኳ ሲዘዋወር ኖረ፤ ያኖራትም የፊቷ ውበት ሳይሆን ያልተጭበረበረው ብር ነው። ሱቅ የሚከፍትም፣ ማኅበር የሚያቋቁምም፣ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግልም ወጣት ስሙን ከማሳተሙ በፊት ስሙ የሚሸከመውን ሥራ ያዘጋጅ። ሥራው ከተዘጋጀ አንድ ቅጠል ካላንደር ይበቃዋል፤ ካልተዘጋጀ ግን ካላንደሩ የሚያሳውቀው ጉድለቱን ብቻ ይሆናል።