«መጀመሪያ አንተ ልቀቅ» የሚባባሉ ሰርቨሮች

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ለመስቀል መሰላልም ድሪልም ያስፈልጋል። አንዱ ጎረቤት መሰላሉን ይዞ ድሪሉን ይጠብቃል፤ ሌላው ድሪሉን ይዞ መሰላሉን ይጠብቃል። ሁለቱም ጨዋ ስለሆኑ አይነጣጠቁም። «ስጨርስ እመልሳለሁ» ይላሉ። መቼ ነው የሚጨርሱት? አይጨርሱማ!

ኮምፒውተሮችም እንዲህ ይፋጠጣሉ፤ ዴድሎክ ይባላል። ከስልካችሁ ወደ ክላውድ የምትጭኑት ፋይል ብዙ ሰርቨሮች ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ላይ እኩል ጽፈው እንዳያበላሹት፣ አንዱ ቀድሞ ፋይሉን ይቆልፋል፣ ይጽፋል፣ ይከፍታል። እስከዚህ ሰላም ነው። ጣጣው ሥራው ሁለት ፋይል ሲፈልግ ይመጣል። አንዱ ፕሮግራም ከ«ሀ» ሒሳብ ወደ «ለ» ብር ያዛውራል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ከ«ለ» ወደ «ሀ»። የመጀመሪያው «ሀ»ን ቆልፎ «ለ»ን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው የተገላቢጦሽ። የተበላሸ ማሽን የለም፣ ስህተት የሚል መልእክትም የለም። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች።

ኤድዋርድ ኮፍማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1971 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ የሚሆነው አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ እንደሆነ አሳይተዋል፦ ዕቃው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የያዙትን ይዞ ሌላ መጠበቅ ሲኖር፣ ቀምቶ መውሰድ ሲከለከል፣ ጥበቃው ዞሮ ሲገጥም። ደስ የሚለው፣ አራቱን ሁሉ ማጥፋት አያስፈልግም፤ አንዷን መስበር ይበቃል።

ርካሹ መላ የመጨረሻዋን መስበር ነው። ሁሉም በሀሁ ተራ ይቆልፍ፤ «ሀ»ን ያልያዘ «ለ»ን አይንካ። ያኔ ክቡ አይገጥምም፤ ሁለተኛው ፕሮግራም ገና «ሀ» ላይ ይቆማል፣ «ለ» ግን ነፃ ናት። ችግሩ የትኞቹ ፋይሎች እንደሚያስፈልጉ አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ደግሞ ሕጉን ያልሰማ አንድ ፕሮግራመር ከተገኘ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«ትንሽ ጠብቆ ካልተሳካ ይልቀቅና እንደገና ይሞክር» የሚሉም አሉ። እኔ ይህን ብቻውን አላምነውም። ጠባብ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ ሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን ስትሉ አጋጥሟችሁ አያውቅም? ሁለቱም እኩል ለቀው እኩል ከያዙ ያው ነው። ስለዚህ የጥበቃው ጊዜ እንደ ዕጣ የተለያየ መሆን አለበት።

አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ሊኑክስ ለአንዳንድ የፋይል ቁልፎች ማን ማንን እንደሚጠብቅ ተከታትሎ፣ ክቡ ሊገጥም ሲል ጥያቄውን ይመልሳል። በተበተነ ሲስተም ግን እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያየው የራሱን ቁራጭ ነው። ይባስ ብሎ፣ ቁልፍ የያዘው ማሽን ዝም ሲል ሞቶ ይሁን ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሁን መለየት አይቻልም። ያ ጎረቤት ድሪሉን ይዞ ክፍለ ሀገር ቢሄድስ?

መልሱን ኬሪ ግሬይ እና ዴቪድ ቼሪተን በ1989 ሊዝ አሉት። አዎ፣ መሬት ላይ የምታውቁት ሊዝ! ቁልፉ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ካላሳደሱት ይነጠቃል። ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራው ኤንኤፍኤስ አራተኛ ቨርዥን በዚህ ይሠራል፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ካልቀየሩት ጊዜው 90 ሰከንድ ነው።

አሁን ግን ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ለእኔ ከዴድሎክ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። ዴድሎክ ቢያንስ ያቆማችኋል። ይሄኛው ፋይሉን በዝምታ ያበላሻል። ፕሮግራሙ አልሞተም፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ደርቆ ነው። ሊዙ አልቋል፣ ቁልፉ ለሌላ ተሰጥቷል፣ እሱ ግን አያውቅም። ሲነቃ ካቆመበት ቀጥሎ ይጽፋል፤ የሌላው ሥራ ይደመሰሳል።

ስለዚህ ቁልፍ በተሰጠ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ተራ ቁጥር አብሮ ይሰጣል። ጎግል ቸቢ ስለተባለው የቁልፍ አገልግሎቱ በ2006 ባወጣው ጽሑፍ ይህን መሰል ዘዴ ገልጿል። የደረቀው ፕሮግራም ቁጥር 33 ይዞ ነበር እንበል፤ ቀጣዩ 34 ተሰጥቶት ጽፏል። ማከማቻው 34ን ካየ በኋላ 33 ይዞ የመጣን አይቀበልም። ዘግይቶ የነቃው የያዘውን ጥሎ አዲስ ቁጥር ለመውሰድ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።