ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፡- ከፍታ የሚለውጣቸው የሕክምና ቁጥሮች

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል ለሚወርድ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለችም፡፡ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፡፡ ሆኖም ማለዳ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ በክንዱ ይይዘዋል፡፡ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ1,850 ሜትር ብዙም አትርቅም፡፡ ይህ የ650 ሜትር ያህል ልዩነት የሚለውጠው ብርዱን ብቻ አይደለም፡፡ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፉ ቁጥሮችን ትርጉምም ይለውጣል፡፡

ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፡፡ አንዲት ነፍሰ ጡር የደም ማነስ አለባት ወይስ የለባትም፣ አንድ ሕፃን ኦክሲጅን ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም፣ አንድ የስኳር ሕመምተኛ የለመደውን መድኃኒት ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለው ውሳኔ የሚሰጠው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቁጥሮቹ የሚነበቡባቸው መመሪያዎች ተሻሽለዋል፡፡

ሁለት እህትማማቾች

ነገሩን በምሳሌ እንየው፡፡ ሁለት እህትማማቾች ስምንተኛ ወራቸውን ይዘዋል እንበል፡፡ አንዷ ኮምቦልቻ ትኖራለች፣ ሌላዋ ደሴ፡፡ ሁለቱም በየከተማቸው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ሄደው ደማቸው ሲመረመር የሄሞግሎቢን መጠናቸው እኩል 12.5 ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፡፡ ለነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 11 ስለሆነ፣ ወረቀቱን እንዲሁ ያየ ባለሙያ ሁለቱንም “ደህና ናችሁ” ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል፡፡

ይሁን እንጂ 11 የሚለው ቁጥር የተቀመጠው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፡፡ ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ ሰውነት የሚያደርስ የቀይ የደም ሴል ክፍል ነው፡፡ ከፍታ በጨመረ መጠን የአየር ግፊት ይቀንሳል፡፡ ደሴ ላይ ያለው ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው፡፡ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ሲያንስ ሰውነት ተሸካሚውን በማብዛት ለማካካስ ይሞክራል፡፡ በመሆኑም ደጋ ላይ ጤነኛ የሚባለው የሄሞግሎቢን መጠን ቆላ ላይ ካለው ከፍ ይላል፡፡ ባለሙያው ከተለካው ቁጥር ላይ የከፍታውን ድርሻ ቀንሶ ነው ከመስፈርቱ ጋር ማስተያየት ያለበት፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው አዲስ መመሪያ ይህንን ድርሻ ከፍ አድርጎታል፡፡ ቀድሞ በኮምቦልቻ ከፍታ ይቀነስ የነበረው 0.5 ሲሆን፣ አሁን ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ላሉ ቦታዎች 1.1 ይቀነሳል፡፡ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ላለው 0.8 የነበረው 1.4 ሆኗል፡፡ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ደግሞ 1.3 የነበረው ወደ 1.8 አድጓል፡፡

ወደ እህትማማቾቹ እንመለስ፡፡ የኮምቦልቻዋ 12.5 ሲቀነስለት 11.4 ይሆናል፤ የደም ማነስ የለባትም፡፡ የደሴዋ ቤት ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ቁጥሯ ወደ 10.7 ይወርዳል፡፡ ይህች ሴት መጠነኛ የደም ማነስ አለባት ማለት ነው፡፡ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ የ2,500 ሜትር መስመር የሚያልፈው በደሴ ከተማ ውስጥ ነው፡፡ ተዳፋት ላይ በተሠራችው ከተማ ወደታች ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት በዚያው 12.5 ተቀናሿ 1.4 ብቻ ስለሚሆን 11.1 ላይ ትቆማለች፡፡ ታች ሠፈርና ላይ ሠፈር በመሆን ብቻ ውጤቱ ተለያየ፡፡

ለውጡ በኮምቦልቻም ቀላል አይደለም፡፡ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 12.0 የተለካላት የኮምቦልቻ ነዋሪ በድሮው ስሌት 11.5 ሆና ጤነኛ ትባል ነበር፡፡ በአዲሱ 10.9 ስለሚሆን ሕክምና ያስፈልጋታል፡፡ አዲሱ መመሪያ በተጨማሪ የእርግዝናውን ጊዜ ለይቶ፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ላለው መስፈርቱን 10.5 አድርጓል፡፡ ምርመራውም ከጣት ከተወጋ ጠብታ ይልቅ ከደም ሥር በተቀዳ ደም ቢሆን እንደሚመረጥ አመልክቷል፡፡

ጉዳዩ የስሌት ጨዋታ አይደለም፡፡ የደም ማነስ ያለባት እናት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት የመቋቋም አቅሟ ዝቅተኛ ነው፡፡ ልጇም ያለጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው፡፡ ዳሰሳው የከፍታውን ድርሻ አስልቶ የሠራ ሲሆን፣ የተጠቀመው ግን ያኔ በነበረው ቀመር ነው፡፡

ከስሜን ተራሮች የመጣው ጥያቄ

ነገር ግን ሠንጠረዡ ለሁሉም የዓለም ሕዝብ አንድ ወጥ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ደገኞች ደግሞ በሳይንሱ ዓለም ለየት ያለ ስፍራ አላቸው፡፡

አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር፡፡ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ፡፡ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፡፡ ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው፡፡ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው በእጅጉ ይጨምራል፡፡ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ባይጨምርም የኦክሲጅን ሙሌታቸው ይቀንሳል፡፡ የስሜኖቹ ግን ከሁለቱም ጋር አልገጠሙም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ የደጋ ነዋሪዎች መካከል እንኳ ልዩነት እንዳለ አሳይቷል፡፡

ታዲያ ይህ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ምን ትርጉም አለው? ለረጅም ትውልድ ደጋ የኖረ ሰው ሄሞግሎቢኑ በከፍታው ልክ የማይጨምር ከሆነ፣ ሠንጠረዡን እንደወረደ መጠቀም ጤነኛውን የደም ማነስ አለበት ሊያሰኝ ይችላል፡፡ ሠንጠረዡን ፈጽሞ መተው ደግሞ የታመመችውን ያሳልፋል፡፡ ስለዚህ የተስተካከለው ቁጥር ምርመራ የሚጀመርበት እንጂ የሚያልቅበት አይደለም፡፡ የዓይን ሽፋኗን ገልጦ ማየት፣ ድካምና የልብ ምት መጠየቅ፣ የቀይ የደም ሴሎቹን መጠን ከላቦራቶሪው ውጤት ማንበብ፣ ፌሪቲን የሚሠራ ላቦራቶሪ ካለ ማዘዝ ተገቢ ነው፡፡ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባሉ ቆላማ ቦታዎች ለምትኖር ሴት ወባንና የአንጀት ትላትልን መመርመርም ይታከልበታል፡፡ አይረን ተሰጥቷት ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ ከፍ ካለ ደግሞ ጉድለት እንደነበረባት ሰውነቷ ራሱ መሰከረ ማለት ነው፡፡

ኦክሲጅንና የሐረጎ ዳገት

ሄሞግሎቢን ከከፍታ ጋር የሚስማማው በሳምንታት ውስጥ ነው፡፡ የኦክሲጅን ሙሌት ግን ወዲያው ይለወጣል፡፡ ይህ ልዩነት በተለይ ሪፈር ለሚጻፍላቸው ሕሙማን ትልቅ ቦታ አለው፡፡

የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ኮምቦልቻ ላይ ጣቱን የሚቆነጥጠው ፐልስ ኦክሲሜትር 91 አነበበ እንበል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ኦክሲጅን እንዲሰጥ የሚመክረው ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ስለሆነ፣ ያለ ኦክሲጅን መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ደሴ ሊላክ ይችላል፡፡ መኪናው ግን የሚሄደው ወደ ላይ ነው፡፡ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ 91 የነበረው ሆስፒታሉ በር ላይ 91 ሆኖ አይገኝም፡፡ ወደ ላይ የሚላክ ሕመምተኛ ከመነሳቱ በፊት ይህ ታስቦ ኦክሲጅን አብሮት መጓዝ ይገባዋል፡፡

በሌላ በኩል ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ጤነኛ ሕፃናት መደበኛው ሙሌት ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ የድርጅቱ የሕፃናት ኦክሲጅን መመሪያ በዚያ ከፍታ 87 በመቶና ከዚያ በታችን እንደ መነሻ መውሰድ እንደሚቻል ይገልጻል፡፡ ደሴ እዚህም ላይ ያረፈችው መስመሩ ላይ ነው፡፡ በእንዲህ ያለ ቦታ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም፡፡ ሕፃኑ ጡት መጥባት አቅቶታል? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ያቃስታል? እነዚህ ምልክቶች ካሉ 89 ሆነ 91 የሚያከራክር መሆን የለበትም፡፡

መሣሪያው ራሱም ያዳላል፡፡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ካነበበላቸው ሕሙማን መካከል በደም ቧንቧ ምርመራ ትክክለኛ ሙሌታቸው ከ88 በመቶ በታች የሆኑት፣ ከነጮች 3.6 በመቶ ሲሆኑ ከጥቁሮች ግን 11.7 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል፡፡ መሣሪያው ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ስለሚለካ የጠቆረ ቆዳ ንባቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፡፡ ለእኛ ሐኪሞች ትምህርቱ ግልጽ ነው፡፡ በመስመሩ ላይ ያለ ንባብ ሲገጥም ጥርጣሬው ወደ ሕመምተኛው ጥቅም ማድላት አለበት፡፡

ከኩላሊት ቀመር የወጣው ዘር

ሦስተኛው ቁጥር ከከፍታ ጋር አይገናኝም፤ ከፍትሐዊነት ጋር ግን በቀጥታ ይገናኛል፡፡ የኩላሊት የማጣራት አቅም የሚሰላው በደም ውስጥ ካለው ክሬያቲኒን፣ ከዕድሜና ከፆታ ነው፡፡ ለዓመታት በዓለም ሲሠራበት የኖረው ቀመር ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር፡፡ መነሻው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ጥናት ነው፡፡ ያንን ወደ ወሎ ገበሬ ማምጣት ምን ያህል ያስኬዳል?

ሒሳቡን እንሥራው፡፡ የኩላሊቱ አቅም 27 የሆነ የስኳር ሕመምተኛ ቁጥሩ ሲባዛ 31 ይሆናል፡፡ ሜትፎርሚን ከ30 በታች ለሆነ ሰው አይሰጥም፡፡ ስለዚህ ይህ ሰው መቆም የሚገባውን መድኃኒት ይቀጥላል፣ ወደ ኩላሊት ሐኪም የሚላክበት ጊዜም ይዘገያል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት ዘርን ከቀመሩ አውጥተው አዲስ ስሌት እንዲሠራበት ወስነዋል፡፡ በ2022 የታተመ የማላዊ፣ የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት ደግሞ በክሬያቲኒን ላይ የተመሠረቱ ቀመሮች የኩላሊትን አቅም ከእውነተኛው አስበልጠው እንደሚያሳዩ አረጋግጧል፡፡ ክሬያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ በመሆኑ፣ የከሳና ጡንቻው የሳሳ ሰው ኩላሊቱ ቢጎዳም ቁጥሩ ያማረ ሊመስል ይችላል፡፡ በድሮ የስልክ መተግበሪያ የሚያሰሉ ሐኪሞች “ጥቁር” የሚል ምርጫ ካዩ መተግበሪያውን የመቀየሪያ ጊዜያቸው ደርሷል፡፡

ይህ ትምህርት ለሄሞግሎቢኑም ይሠራል፡፡ በደገኞች መካከል ልዩነት አለ ማለት በካርድ ላይ ብሔር ይጻፍ ማለት አይደለም፡፡ መጠየቅ ያለበት የት ትኖሪያለሽ፣ ከመጣሽስ ስንት ጊዜሽ ነው የሚለው ነው፡፡ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየአቅጣጫው ወጣት ሴቶችን ሲስብ ቆይቷል፡፡ ከላይ ከደጋ ትናንት የወረደችውና እዚያው ተወልዳ ያደገችው አንድ ወረፋ ላይ ይቆማሉ፡፡

መሣሪያው የት አለ?

ይህ ሁሉ የሚሆነው መለኪያው ሲኖር ነው፡፡ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆዩበት ጊዜ፣ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በአካባቢው የነበሩ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፡፡ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው የሕሙማን የክትትል ታሪክም ነው፡፡

ገንዘቡም ሌላው ጉዳይ ነው፡፡ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፡፡ መድኅኑ አርሶ አደሩን ለካርድና ለምርመራ ከሚያወጣው ወጪ ቢያድነውም፣ የታዘዘው ምርመራ በጤና ጣቢያው ከሌለ የመድኅኑ ደብተር ብቻውን ደም አይመረምርም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ያስፈለገው እንዲህ ላለው ሥራ ነው፡፡ አንድን ቤተሰብ ከእርግዝና እስከ እርጅና የሚያውቅ ሐኪም ቤታቸው የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፡፡ ስፔሻሊስቱ በሌለበት ግን ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ጤና መኮንኑና ነርሷ ሥራውን ሊሠሩት ይችላሉ፡፡ የጤና ጣቢያው ከፍታ በሜትር ተጽፎ ከተስተካከለው የሄሞግሎቢን ሠንጠረዥ ጋር በእናቶች ክትትል ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀት ነው፡፡ ለአንባቢም የምንለው አለን፡፡ የላቦራቶሪ ውጤት ሲሰጥዎ “ለምኖርበት ከፍታ ተስተካክሏል ወይ?” ብለው ይጠይቁ፡፡ ለደሴዋ እህት መልሱ አይረን የምትጀምርበት ወይም ሳይታወቅላት ወደ ምጥ የምትገባበት ሊሆን ይችላልና፡፡