ከ«ዲስ ኢዝ አስ» ቤተሰብ ማንን ትመስላላችሁ? ጥያቄውን ሐኪም ሲጠይቃችሁ



«ከዚህ ድራማ የትኛውን ገጸ ባህርይ ትመስላለህ?» የሚሉ ጨዋታዎች ስልካችሁ ላይ ሳይደርሷችሁ አይቀርም። አሥር ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ የአንድ ተዋናይ ፎቶ ከሁለት መስመር ሙገሳ ጋር ይመጣል፣ ለጓደኛ ትልካላችሁ፣ ትስቃላችሁ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ዛሬ ግን ጨዋታውን በሐኪም ዓይን እንጫወተው ብዬ «ዲስ ኢዝ አስ» የተባለውን ድራማ መርጫለሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ ጽሑፉን አስቀምጡትና አይታችሁ ተመለሱ።

ላላወቃችሁት ባጭሩ፦ ዳን ፎግልማን የፈጠረው፣ በአሜሪካው ኤንቢሲ ከ2016 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በ6 ሲዝንና በ106 ክፍሎች የታየ ድራማ ነው። ጃክና ሬቤካ ፒርሰን ፒትስበርግ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። በ1980 ሦስት መንታ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ በወሊድ ላይ ይሞታል። በዚያው ቀን እሳት አደጋ ጣቢያ በር ላይ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ወስደው ከሁለቱ ጋር ያሳድጋሉ። ኬቨን፣ ኬት እና ራንዳል እንዲህ ወንድማማችና እህት ሆኑ። 17 ዓመታቸው ላይ አባታቸው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ድራማው ከሚያሳየን ነገር ዋናው፣ ሦስቱ ልጆች ያንን ሐዘን በሦስት የተለያየ መንገድ ተሸክመው መኖራቸውን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። የእነዚህ ጨዋታዎች መልስ ሁልጊዜ «ልክ እኔን!» የሚያሰኘን ለምንድነው? በ1948 (እ.ኤ.አ.) በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን ፈተናቸውና ለእያንዳንዳቸው «ያንተ ባህርይ ይህ ነው» የሚል ወረቀት ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ሲጠየቁ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ! ጠቅለል ያለና ደስ የሚል ነገር ሲነገረን ሁላችንም የኛ ይመስለናል።

ስለዚህ «ማንን ትወዳላችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። ሁሉም ሰው ጃክን ነው የሚመርጠው። የኔ ጥያቄ አንድ ናት፦ ነገር ሲጨንቃችሁ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው?

1. ወደ ሥራ ከሆነ፦ ራንዳል

ጎበዝ ተማሪ፣ የተሳካለት ባለሙያ፣ ጥሩ ባል፣ ጥሩ አባት። በመጀመሪያው ሲዝን ካደገ በኋላ ያገኘው ወላጅ አባቱ ዊሊያም በካንሰር እየተዳከመ ነው፤ ሥራውም ይደራረብበታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ቢሮው ወለል ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ኬቨን የቲያትሩን የመክፈቻ ምሽት ጥሎ ሮጦ የመጣለት ያኔ ነው።

የእኛ ራንዳሎች ብዙ ናቸው። ደመወዝ ሲገባ ለእናት፣ ለታናሽ እህት ትምህርት፣ ለዕቁብ የምትከፋፍሉ የበኩር ልጆች፤ ውጭ አገር ሆናችሁ ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ልባችሁ የሚደነግጥ። የራንዳል ችግር የማይታየው ሰው ስለሚያመሰግነው ነው። «የቤቱ ምሰሶ» ሲባል ማን ደክሞኛል ይላል?

ድንገት ልብ በኃይል መምታት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የጣት መደንዘዝ፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ስሜት ሲመጣ ፓኒክ አታክ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ደርሶ መብረድ ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን «ጭንቀት ነው» ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። ጭንቀት ሆኖ ከተገኘም ሕክምና አለው፤ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም። ራንዳል ቴራፒስት ጋር የደረሰው በአራተኛው ሲዝን ነው። እናንተ ያን ያህል አትቆዩ።

2. ወደ ብርጭቆ ወይም ወደ ክኒን ከሆነ፦ ኬቨን

መልከ መልካም፣ ዝነኛ ተዋናይ፣ ሁሌ የሚስቅ። የድሮ የጉልበት ጉዳቱ ፊልም ሲሠራ ያገረሽበትና የህመም ማስታገሻ ይጀምራል። ክኒኑ ከጉልበቱ አልፎ የአባቱንም ሐዘን ያደነዝዝለት ጀመር፤ መጠጥ ተጨመረበት። አንድ ማታ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ፖሊስ ያስቆመዋል። የራንዳል ልጅ ቴስ እሱ ሳያውቅ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር።

አያቱ ጠጪ ነበሩ፣ አባቱ ጃክም ከመጠጥ ጋር ታግሏል። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ለአልኮል ሱስ ከሚያጋልጠን ነገር ግማሽ ያህሉ በዘር የሚመጣ ነው። ቀሪው ግማሽ ደግሞ የዘር ጉዳይ አይደለም፤ ተስፋውም እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሞች የምንጠቀምባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፦ መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ስለ መጠጣችሁ ሲናገራችሁ ትናደዳላችሁ? በመጠጣታችሁ ጸጸት ይሰማችኋል? ጠዋት ለመንቃት ወይም እጃችሁን ለማረጋጋት ትጠጣላችሁ? ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካላችሁ ሐኪም አነጋግሩ። እንደ ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎችን ደግሞ ህመሙ ካለፈ በኋላ «እንቅልፍ ይሰጠኛል፣ ያነቃቃኛል» ብሎ መቀጠል የሱስ መጀመሪያ ነው።

ያስተውሉ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን ቢያቆም እስከ ሞት የሚያደርስ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል። ማቆም ጥሩ ነው፤ በሐኪም ክትትል ይሁን።

3. ወደ ሳህን ከሆነ፦ ኬት

ኬት ያንን ሌሊት ውሻዋ ቤት ውስጥ ቀርቶ ስታለቅስ ነው አባቷ ወደ እሳቱ የተመለሰው። ለዓመታት «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላ ኖራለች። ምግብ መጽናኛዋም መቀጫዋም ሆነ።

የሆድ ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ሲጠግብ ያቆማል። የስሜት ረሃብ ድንገት ይመጣል፣ አንድ የተወሰነ ነገር ያምረዋል፣ ጠግቦም አያቆምም፣ ሲያበቃ ጸጸት ይከተላል። ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ እየተደጋገመ ለ3 ወር ከቆየ፣ ስሙ ሆዳምነት አይደለም፤ የሚታከም የአመጋገብ ህመም ነው።

እዚህ ላይ ለሁላችንም አንድ ነገር ልበል። ሰው ገና ሰላም ሳንለው «ውይ! እንዴት ወፈርሽ!» ማለታችን በቃ ቢቀርስ? ክብደቷን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ከንግግራችን የምታተርፈው ሐኪም ቤት ለመሄድ ማፈርን ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራዋ ደግሞ እዚያው ሲንከባለል ይቀራል።

4. ወደ ሰው ሁሉ ሸክም ከሆነ፦ ጃክ

ሁሉም የሚመርጠው ጃክ! እስቲ አሟሟቱን እንየው። እሳቱ የተነሳው ኩሽና ውስጥ መቀየሪያው ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ሚስቱንና ልጆቹን አወጣ፣ ተመልሶ ውሻውንና የቤተሰቡን ማስታወሻዎች ይዞ ወጣ። ሆስፒታል ሲደርስ እጁ ላይ ካለው ቃጠሎ በቀር ደህና ይመስላል፤ ይቀልዳል። ሬቤካ የሚበላ ነገር ልትገዛ ወጣ ባለችበት ልቡ ቆመ። ጭሱ ሳንባውን፣ ሳንባው ደግሞ ልቡን ጎድቶ ነበር።

ይህ በሕክምናው ዓለም እውነት ነው። ከእሳት የወጣ ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው፤ ጉዳቱም ሰዓታት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ድምፁ የጎረነነ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ያለበት፣ የሚያስለው፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። በእኛ ቤት ደግሞ ያለ እሳት አደጋም ይህ ይመጣል፦ በር ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ከሰል ይዞ መተኛት በፍጹም አይሆንም።

ጃክን የምትመስሉ ሰዎች፣ «እኔ ደህና ነኝ» ስትሉ ምን ያህል ጊዜ እውነት ነው?

5. ወደ ቀልድ ከሆነ፦ ቶቢ

የኬት ባል ቶቢ ቤቱን ሁሉ የሚያስቅ ሰው ነው፤ ከውስጥ ግን ድባቴ አለበት። ልጅ ለመውለድ ሲሞክሩ መድኃኒቱ የዘር ፍሬውን ይቀንሳል ብሎ ለማንም ሳይነግር አቆመውና አልጋ ላይ ጣለው። የድባቴ መድኃኒት በድንገት አይቆምም። ምክንያት ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። ለ2 ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ሐዘን ከተጫናችሁ ወይም የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ ታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ለአንድ ሰው ተናገሩና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

6. እናትና አባታችሁን የሚመስሉት፦ ሬቤካ እና ሚጌል

ሬቤካ ስታረጅ መጀመሪያ ቀላል የማስታወስ ችግር፣ በኋላ አልዛይመር ተገኘባት። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የሁላችንም ነው። የለመዱት ሰፈር ውስጥ መጥፋት፣ አንድ ጥያቄ በየአምስት ደቂቃው መደጋገም፣ ሂሳብ መምታታት ግን ምርመራ ይፈልጋል። «ጃጅተዋል» ብላችሁ አትተዉአቸው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም መርሳት ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ራንዳልና ኬቨን ስለ እናታቸው ሕክምና ክፉኛ ተጣልተዋል። የእናንተን እናት፣ መናገር በሚችሉበት ጊዜ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ሁለተኛ ባሏ ሚጌል እሷን ሲያስታምም የራሱን ህመም ችላ ብሎ ቀድሟት ሞተ። ቤታችሁ አስታማሚ ካለ፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ተኩለት፤ የደም ግፊቱንም ለኩለት።

ታዲያ ማንን መሰላችሁ? ምናልባት ሁለቱን፣ ምናልባት ሦስቱን። ችግር የለውም፤ ይህ ምርመራ አይደለም፣ ዕጣ ፈንታም አይደለም። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ ሐዘን ሦስት ልጆችን በሦስት መንገድ አሳመመ። ስለዚህ «እህቴ በአንድ ወር ተጽናናች፣ እኔ ለምን?» አትበሉ።

መልሱን እርግጠኛ ሆናችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለራሳችሁ አትመልሱት፤ ቅድም እንዳየነው ራሳችንን ስንገልጽ እናሳምራለን። ዛሬ ማታ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው «ሲጨንቀኝ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳይቆጡ መስማት ነው እንግዲህ። የሚነግራችሁ ነገር እንቅልፋችሁን፣ ሥራችሁን ወይም ትዳራችሁን መንካት ከጀመረ፣ በዚህ ሳምንት አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠቅላላ ሐኪም አነጋግሩ። ከዚያ የሚቀጥለውን መንገድ አብረን እናየዋለን።

ጽሑፉን ለቤታችሁ ራንዳል አድርሱለት፤ እሱ በራሱ ጊዜ አያነበውም። ጤና ይብዛላችሁ!