ጀልባ ጎትተው ወደ ተራራ ሐይቅ ሲሄዱ፦ ስለ ከሰል ጭስ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ከፍታ

በኮሎራዶ ተራሮች መካከል ያለው የቴይለር ፓርክ የግድብ ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድና ድንኳን ተክሎ ለማደር ተመራጭ ቦታ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዴንቨር ወይም ከአውሮራ ጀልባ በተጎታች ይዘው ሲነሱ ከ1,600 ሜትር ተነስተው፣ ወደ 3,700 ሜትር የሚጠጋውን የኮተንውድ መተላለፊያ አቋርጠው፣ በዚያው ቀን ከፍታ ላይ ያድራሉ ማለት ነው። ሆስፒታል ለማግኘት እስከ ጋኒሰን ከተማ መውረድ ያስፈልጋል፤ ስልክም በየቦታው አይሠራም።

ብዙ ሰው ለጉዞው ሲዘጋጅ የሚጠይቀው ስለ ድብ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማነሳው ከሰልን ነው።

በሐምሌ ወር እንኳ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ፍሙ ገና ትኩስ ስለሆነ፣ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ተብሎ ማንደጃው ወደ ድንኳን ይገባል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ አመድ ከለበሰ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። የድንኳኑን ዚፕ ጥቂት ከፍቶ መተው አያድንም። የጋዝ ምድጃና ጄኔሬተርም እንዲሁ ከድንኳን ውጭ፣ ራቅ ብለው መቀመጥ አለባቸው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ማንቂያው አለ ብሎ ከሰል ማስገባት ግን አይቻልም።

የጀልባ ሞተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በብዛት የሚከማቸው ከጀልባው ኋላ፣ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው መቀመጥ በሚወዱበት ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠ ልጅ ራሱን ስቶ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውሃው ሊወድቅ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ከኋላ ማንም አይቀመጥ፣ በአቅራቢያውም አይዋኝ።

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ናቸው። የከፍታ ሕመምም እነዚሁኑ ስለሚያሳይ ሰው ይዘናጋል። በአንድ ድንኳን ወይም በአንድ ጀልባ ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ካመማቸው መጀመሪያ ጋዙን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡና 911 ይደውሉ፤ ስልክ ካልሠራ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ጊዜ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ስለሚያሳይ አይመኑት። ነፍሰ ጡር ካለች፣ እሷ የተሻላት ቢመስልም ጽንሱ ሊጎዳ ስለሚችል መታየት አለባት።

ሁለተኛው አደጋ ውሃው ነው። ከበረዶ መቅለጥ የመጣ ስለሆነ በበጋም ይቀዘቅዛል። ድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ይሰምጣል። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጅና እግር መታዘዝ ያቆማሉ። ስለዚህ «ዋና እችላለሁ» ማለት ብዙም አያስተማምንም። የሕይወት አድን ጃኬት ከወንበር ሥር ተቀምጦ አይጠቅምም፤ ለብሰው ይቆልፉት። የኮሎራዶ ሕግ ጀልባ ሲንቀሳቀስ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲለብሱ ያዛል። እኔ አባትየውም ይልበስ እላለሁ። የወደቀውን ሰው ሲያወጡ በጥንቃቄ ያስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቀው በደረቅ ብርድ ልብስ ደረቱንና ሆዱን ያሙቁ። እጅና እግሩን አይሹ፣ አልኮል አይስጡት።

ስለ ከፍታ ሲነሳ «እኛ ደገኞች ነን፣ አይነካንም» የሚሉ ታካሚዎች አሉ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት ከከፍታ ጋር ያደረገው መላመድ ዝቅ ባለ ቦታ ሲኖሩ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ራስ ምታት ከጀመረ ዕረፍት ያድርጉ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ አይውጡ። ሰውየው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጀልባውን ትተው ወዲያውኑ ይውረዱ። ትኩረት የሚሻው አቅጣጫው ነው፦ በመጡበት ወደ ዴንቨር መመለስ ማለት መተላለፊያውን እንደገና መውጣት ነው። መውረጃው በአልሞንት በኩል ወደ ጋኒሰን ነው።

የልብ ድካም፣ የሳንባ በሽታ ወይም እርግዝና ካለ ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን ሌሊት መኪና ውስጥ ከተተወ ሊቀዘቅዝና በረዶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ስለማይሠራ ይጣላል። በመኝታ ከረጢትዎ አጠገብ ያሳድሩት፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥም በቀጥታ አያስቀምጡ።

የሐይቅ ውሃ ለመጠጣት ከፈለጉ ከፈላ በኋላ በዚህ ከፍታ ላይ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ። መንጠቆ ዓይን ላይ ከተሰካ አይንኩት፣ ሳይጫኑት በኩባያ ከልለው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቆዳ ላይ ከሆነና ጫፉ ጠልቆ ከገባ ግን ክሩን ቆርጠው እንዳለ ይተዉት፤ የቴታነስ ክትባትዎ መቼ እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገሩ።