ክንፍ አልባው የውርጭ ጥንዚዛ

በሰሜን ተራሮች ወይም በባሌው ሳነቴ አምባ፣ ጅባራና ጓሳ በሚበቅልበት ከፍታ ላይ፣ አንድ ድንጋይ ገልበጥ ሲደረግ ከሥሩ ጥቁር ወይም ቡናማ ጥንዚዛ እግሬ አውጪኝ ሊል ይችላል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ትሬኩስ የሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም። ትሬኩስ የምድር ጥንዚዛ ነው፤ ከእሱ የሚያንሱ ነፍሳትን እያደነ ይኖራል። በኢትዮጵያ ደጋዎች በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች አሉት።

የምድር ጥንዚዛን ከሌላው ጥንዚዛ መለየት ያን ያህል አይከብድም። አንቴናው ቀጭን ነው፤ 11 አንጓዎች አሉት። እግሮቹ ለሩጫ የረዘሙ ናቸው። በጀርባው አስተኝተው በአጉሊ መነጽር ቢያዩት የኋላ እግሩ መነሻ የመጀመሪያውን የሆድ ቀለበት ለሁለት ከፍሎት ይታያል። ትሬኩስ ደግሞ ግንባሩ ላይ ሁለት ጥልቅ ቦዮች አሉት፤ ዓይኖቹን ዞረው እስከ ኋላ ይዘልቃሉ።

ችግሩ ዝርያው ላይ ነው። ቀለምና መጠን እምብዛም አይረዱም። ባለሙያው የደረቱን ጋሻ ቅርጽ ያያል፤ በጠንካራው የላይ ክንፍ ላይ የቆሙት ፀጉሮች የት የት እንዳሉ ይመዘግባል። ይህም ካልበቃ የወንዱን የመራቢያ አካል አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ በውጭ አንድ የሚመስሉ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት እዚያ ነው። ዛሬ የዲኤንኤ ምርመራም ይታከልበታል።

መመሳሰሉና መለያየቱ አብረው የመጡት ከክንፍ ማጣት ነው። የላይኛው ክንፍ ሲገለጥ መብረሪያው ጉቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ትከሻውም ክብ ነው። ነፋስና ውርጭ በበዛበት ተራራ መብረር ጉልበት ይጨርሳል፤ ጥቅሙም ትንሽ ነው። በእግሩ የሚሄደው ጥንዚዛ ግን ሞቃታማውን ቆላ አቋርጦ ወደ ሌላ ተራራ መድረስ ይቸግረዋል። በባሌና በሰሜን ተራሮች መካከል ስምጥ ሸለቆ አለ። ተለያይተው በኖሩ ቁጥር የየራሳቸው ዝርያ ይሆናሉ።

ስለዚህ ናሙናው ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ከጥንዚዛው አትተናነስም፤ የተራራው ስም፣ ከፍታውና ቀኑ ይጻፍባታል። እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ሂው ስኮት በ1952 እና 1953 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ተራሮች ዘልቆ ናሙና ሰብስቧል። እንዲህ ያለ የቆየ ስብስብ ዛሬም የሚያገለግለው ቦታው በትክክል ከተጻፈ ነው።

የሁለት ተራሮች ጥንዚዛዎች በስህተት በአንድ ስም ከተመዘገቡ፣ የአንደኛው ተራራ ዝርያ ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ አሁንም አለ ማለቱን ይቀጥላል።