ገጸ ባሕርይን መልበስ

ቅዳሜ በዲመካ ወይም በጂንካ ገበያ የሚውል ሰው፣ ዓይኑ የሠለጠነ እንደ ሆነ፣ ፊት ለፊቱ የቆመችው ሐመር ሴት አንድም ቃል ሳትናገር፣ ከጠጉሯ አሠራርና ከአንገቷ ብረት ባለ ባል መሆንዋን፣ አልፎም ለባልዋ የመጀመሪያዪቱ ሚስት መሆንዋን ሊለይ ይችላል፤ ጌጥ በደቡብ ኦሞ ስለ ባለቤቱ የሚናገር መዝገብ ነውና።

ኮስፕሌይ የተባለው የዘመናችን የትርፍ ጊዜ ሥራ አካሄዱ ከዚህ በተቃራኒ ነው። በእርሱ ዘንድ ሰው የሚለብሰው የሌላውን፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሥጋ ያልተፈጠረውንና በሥዕል፣ በፊልም ወይም በመጽሐፍ ብቻ የሚኖረውን ገጸ ባሕርይ መልክ ሲሆን፣ የሚቻለው ልብሱን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ አቋቋሙንና አነጋገሩንም ተለማምዶ፣ በወዳጆቹ ጉባኤ መካከል ለጥቂት ሰዓት ያንን ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤ፣ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ ከመጪው ዘመን የመጡ መስለው ሲገቡ፣ ልብሱን የሰፋችው ዳግላስ ራሷ ነበረች። «ኮስፕሌይ» የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ታካሃሺ ነው፤ በናጎያ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው በዓል ዛሬ ከብዙ አገር የመጡ ለባሾችን ያወዳድራል።

በጂንካ የሚኖር ጀማሪ ግን ወደ ናጎያ ከማየቱ በፊት በቅርቡ ያለውን ትምህርት ቤት ቢመለከት ይበጀዋል። ከኦሞ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ዳር የሚኖሩት ካሮዎች ለጭፈራ ሲዘጋጁ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ ዐፈር፣ እንዲሁም ከሰል በጥብጠው ገላቸውን ይቀባሉ፤ በነዚህ አራት ቀለማት ብቻ የጅግራን ላባ የመሰለ ነጠብጣብ፣ በጣት የተሳለ መስመር፣ ከትከሻ ወደ ደረት የሚወርድ ሐረግ ያወጣሉ። ቀለም ማብዛት መልክ እንደማያሳምር፣ የሥዕሉም መስመር የሰውነትን አጥንትና ጡንቻ መከተል እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም። ከከተማው በላይ በኮረብታው ላይ የቆመው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ደግሞ ቆዳ ከዶቃ፣ ብረትም ከቆዳ እንዴት እንደ ተጋጠመ ተጠግቶ ለሚመረምር ሰው የጥበበ እድ ጉባኤ ቤት ይሆነዋል።

ነገር ግን አሠራሩን መማር አንድ ነገር ነው፤ ልብሱን መውሰድ ሌላ። በካሮና በሐመር ዘንድ በወንድ ራስ ላይ በጭቃ ተሠርቶ የሰጎን ላባ የሚሰካበት ጌጥ በልማድ ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ የገደለ ሰው መዓርግ ነው፤ የመጀመሪያዪቱ ሚስት የአንገት ቀለበትም በጋብቻ ሥርዓት የተገኘ ነው። ምእመን ልብሰ ተክህኖ ደርቦ ለጨዋታ አደባባይ እንደማይወጣ ሁሉ፣ እነዚህንም ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ለጨዋታ መልበስ ነውር ይመስለኛል።

በዚህ ነገር በዚያው በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች ልዩ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያጠናቸው እንግሊዛዊው የሰብአ ጥናት ሊቅ ዴቪድ ተርተን ከጎብኚዎች ጋር ስላላቸው ግንኙነት ጽፈዋል፤ እንግዶች ለፎቶግራፍ ገንዘብ መክፈል ከጀመሩ ወዲህ፣ አንዳንዶቹ በዕለት ኑሯቸው የማያደርጉትን የከብት ቀንድና የከርከሮ ጥርስ በራሳቸው ላይ ደርድረው በመንገድ ዳር ይቆማሉ። እንደ እኔ አስተያየት በአገራችን ለኮስፕሌይ እጅግ የቀረበው ይህ ነው፤ የሚለብሱት ገጸ ባሕርይ እንግዳው ከአገሩ በልቡ ይዞት የመጣውን «ሙርሲ» ነውና፣ ተመልካቹ ግን ጨዋታ መሆኑን አያውቅም።

እንግዲህ ጀማሪው ገጸ ባሕርዩን ከፈጠራ ዓለም ቢመርጥ ማንንም አያስቀይምም። የጃፓን አኒሜ የሚወድ ከዚያ ይውሰድ፤ የአገር ቤት ጀግና ያሻው ደግሞ ብሥራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመውን «ጀምበር» የተባለ የኮሚክ መጽሐፍ ያገኛል። ከመቀስ በፊት የገጸ ባሕርዩን መልክ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይሰብስብ፤ ከዚያም ሙሉውን ልብስ ሳይመኝ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ጭንብል ወይም የክንድ ጋሻ ብቻ ይጀምር፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የጀመረ ብዙ ጊዜ እጅጌው ሳይገጠም ይተወዋልና። ልኩን በአሮጌ ጋዜጣ ገላው ላይ አስተካክሎ ይቁረጥ፣ ጨርቁንም ከልባሽ ጨርቅ ሻጮች መርጦ፣ ማሽን ከሌለው ለልብስ ሰፊ ሥዕሉን ይዞ ይሂድ። በውጭ አገር ጥሩር የሚሠራው በእሳት ሙቀት ከሚታጠፍ ጠንካራ ስፖንጅ ነው፤ እዚህ የስፖርት ምንጣፍ ይተካዋል፣ እርሱም ከጠፋ ካርቶን። ካርቶኑን በኮላ ደጋግሞ ቀብቶ ካደረቀ በኋላ ቀለም ያስይዘው፤ ይህ ካልሆነ የጂንካ የበልግ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሟሟዋል። ማስቲሽ የሚያጣብቅ ሰው በር በተዘጋ ክፍል አይሥራ፤ ሽታው ራስን ያዞራል።

ፊቱን መቀባት የሚሻ ከሁሉ ይልቅ ይጠንቀቅ፦ የካሮዎቹ ነጭ ዐፈር የግድግዳ ኖራ አይደለም፣ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፤ የቤት ቀለምም ለገላ አልተሠራም። ለፊት ተብሎ የተዘጋጀውን ቀለም እንኳ በዋዜማው በክንዱ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብቶ ቢያሳክከው ይተወው። ለብሶም ወደ አደባባይ ሲወጣ ብቻውን አይሁን፤ ጭንብል የለበሰ ሰው ግራ ቀኙን በደንብ አያይም፣ የሰፈር ልጆችም ሊከተሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ወዳጁ ያልለበሰ ሆኖ ውኃ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ክርና የተረፈ ማስቲሽ በከረጢት ይዞ አብሮት ይሂድ።