አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ማሽላ

አቀንጭራ ወይን ጠጅ አበባውን አውጥቶ በማሽላ ማሳ ላይ ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። አረሙ ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲመጥ ቆይቷል። ማሽላው ይቀጭጫል፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ድርቅ እንደመታው ይጠወልጋል፤ ሲብስም ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማረም የሚጠቅመው ለከርሞ እንጂ ለዘንድሮ አይደለም። ለከርሞም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ዘር ያረግፋል፤ ይህ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። በወሎ፣ በትግራይና በሐረርጌ ያሉ ማሽላ አምራቾች ከአባት የወረሱትን መሬት ሲያርሱ የወረሱትን የአቀንጭራ ዘርም አብረው ያርሳሉ።

ዘሩ ዝም ብሎ አይበቅልም። ስንቁ በጣም ትንሽ ስለሆነ በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ አፈሩ ረጥቦ፣ ሙቀቱ ተስማምቶትም ይጠብቃል። የሚጠብቀው የማሽላ፣ የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ሥር በአቅራቢያው እንዳለ የሚነግረውን ኬሚካል ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች የመጀመሪያው፣ ስትራይጎል የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ወጣ። የኬሚካሎቹ ቤተሰብ ዛሬ ስትራይጎላክቶን ይባላል።

ማሽላ ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ያመነጫል? መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን ተመራማሪዎች ነው። ስትራይጎላክቶን ከሥር ጋር ተባብሮ የሚኖር ጠቃሚ ፈንገስ የሚጠራበት ምልክት ሆኖ ተገኘ። ፈንገሱ ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ከአፈር እየለቀመ ለተክሉ ይሰጣል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ማሽላው ወዳጁን ሲጣራ ድምፁን ሌባውም ይሰማል። ፎስፈረስ ባነሰው መሬት ላይ ተክሉ አብዝቶ ስለሚጣራ አቀንጭራም የሚበረታው በተራቆተ አፈር ላይ ነው። የደኸየው መሬት የደኸየውን ገበሬ ደግሞ የሚጎዳበት ምክንያት በከፊል እዚህ ላይ ነው፤ ፍግና ማዳበሪያ አቀንጭራን የሚያዳክሙትም በዚሁ ሰበብ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ስም የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ነው። በምዕራብ ሸዋ ኦሎንኮሚ ተወልደው፣ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና ዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሱዳን ገብተው ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ማዳቀል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተለቀቀው ሐጊን ዱራ 1 በሱዳን ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ድርቅ ተቋቋሚ ድቅል ማሽላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለተቀበሉት የዓለም የምግብ ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የዚህ ድቅል እናት በቴክሳስ የወጣች መስመር፣ ማለትም ጠባይዋ ሳይለወጥ የምትራባ የማሽላ ዘር፣ ናት፤ የዘር ሐረጓ ግን ከኢትዮጵያ ወደ ተሰበሰበ ዘራዘራ ማሽላ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የማሽላ ሙሉ የዘረመል ንባብ ይፋ ሲሆን የተነበበውም የዚያችው መስመር ዘረመል ነበር። ከእኛ ማሳ የወጣ ዘር የት የት እንደደረሰ ሳስብ፣ የየመንደሩን ነባር ማሽላ ሰብስቦ ማቆየት ለነገ የሚባል ሥራ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ድቅል ማሽላ መሥራት በራሱ ጥበብ የሚጠይቅ ነገር ነው። አንዱ የማሽላ ራስ ወንዴና ሴቴ አካል አብረው ያሉባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች አሉት፤ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። የሁሉንም ወንዴ አካል በእጅ እየለቀሙ የገበያ ዘር ማምረት አይቻልም። መፍትሔው የተገኘው በሕዋስ ውስጥ ነው። ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋስ ክፍል የራሱ ዘረመል አለው፤ የሚተላለፈውም ከእናት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የማይሎ ማሽላን እናትነት ከካፊር ማሽላ ዘረመል ጋር ሲያገናኙ ሁለቱ ሳይግባቡ ቀሩ፤ የተገኘው ተክል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብናኙ መኻን ሆነ። ይህች መኻን መስመር እናት ትሆናለች። በአጠገቧ የሚዘራው አባት የብናኝን ጤና የሚመልስ ዘረመል ስላለው፣ ከሁለቱ የሚወለደው ድቅል በገበሬው ማሳ ላይ ፍሬ ይሰጣል። እናቲቱን ከዓመት ዓመት ለማቆየት ደግሞ ብናኝዋ ጤነኛ የሆነ መንትያ መስመር ያስፈልጋል። አንድ ድቅል ለማውጣት ሦስት መስመር ማሳደግ ማለት ነው።

ገቢሳ ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አቀንጭራን ማጥናት ያዙ። ቀደም ሲል የነበረው ልማድ አቀንጭራ የበዛበት ማሳ ላይ ዘርቶ የተረፈውን መምረጥ ነበር። ይህ ግን በዝናብ፣ በአፈርና በአረሙ ሥርጭት መለዋወጥ የተነሳ በየዓመቱ የተለያየ መልስ ይሰጣል። እነሱ ጥያቄውን ቆራረጡት፦ ዘሩ የሚቀሰቀሰው መቼ ነው? የሚጣበቀውስ? ከተጣበቀ በኋላ ተክሉ ምን ያደርጋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ያወጡት መፈተሻ በጣም ቀላል ነው። ቀድሞ በእርጥበት የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር በሳህን ላይ አጋር በተባለ የረጋ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ይበተናል፤ የማሽላ ቡቃያ ይተከልበታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ላይ ያለው ዘር እንደበቀለ በሚሊሜትር ይለካል። በአንዳንድ ማሽላዎች ዙሪያ የሚበቅለው ዘር እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በዚህ መንገድ ከወጡት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ 8 ቶን የሚጠጋ ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ፤ በኢትዮጵያም ጎብዬና አብሽር በሚል ስም ተለቀቁ።

ማሽላው የማይቀሰቅስበት ሚስጥር በዘረመል ደረጃ የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዳንኤል ጎበና፣ ማኅደረ ሽመልስ፣ ተስፋዬ መንግስቴና ገቢሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት በማሽላ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ለዩ። ዘረመሉ ደህና ሲሆን ሥሩ በብዛት የሚያወጣው አቀንጭራን አጥብቆ የሚቀሰቅሰውን 5-ዲኦክሲስትራይጎል ነው። ዘረመሉ ሲጎድል ሥሩ ኦሮባንኮል ወደተባለው ዓይነት ይዞራል፤ ይህኛው አቀንጭራን በደካማው ብቻ ይነካዋል። ፈንገሱን የመሳብ ኃይሉ ግን አልጠፋም።

ለአዳቃይ ከባድ የሆነው ነገር ይህ ጠባይ ድብቅ መሆኑ ነው። ከእናትም ከአባትም የጎደለው ቅጂ ካልመጣ አይታይም፤ አንድ ጤነኛ ቅጂ ካለ ሥሩ አቀንጭራን መቀስቀሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ድቅል ማሽላ አቀንጭራን እንዳይቀሰቅስ መኻኗ እናትም፣ መንትያዋም፣ አባቱም ሁሉም ጉድለቱን መያዝ አለባቸው። ጥሩ ምርት የምትሰጥ እናት ላይ ጠባዩን በተደጋጋሚ መልሶ በማዳቀል ሲያስገቡ፣ በየትውልዱ ተሸካሚዎቹ ከማይሸከሙት በመልክም በሳህን ላይ ፈተናም አይለዩም። ለመለየት ራሳቸውን አዳቅለው የልጆቻቸውን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም በየትውልዱ አንድ የመኸር ወቅት ይጨምራል። የሞለኪውል ምልክት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ከቡቃያው ቅጠል ትንሽ ተቆርጦ ዲኤንኤው ይወጣል፤ የተፈለገችው ቦታ ፒሲአር በተባለ የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ትባዛለች፤ ቡቃያው የያዘው የጎደለ ቅጂ ሁለት፣ አንድ ወይም ባዶ መሆኑ ከአበባ በፊት ይታወቃል። በዚህ ሥራ ከሌላ ፍጡር የሚገባ ባዕድ ዘረመል የለም፤ ማዳቀሉ የዱሮው ማዳቀል ነው፤ የተለወጠው ምርጫው ነው።

ቢሆንም የድቅል ዘር ለሁሉም ማሳ ይስማማል አልልም። የድቅል ልጆች ጠባያቸው ስለሚበታተን ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት። ጎተራው ውስጥ ከራሱ ማሳ የመረጠውን ዘር ለሚያስቀምጥ የወሎ ገበሬ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉት ዘራቸው ተመልሶ ስለሚዘራ፣ ዘር አቅራቢ በማይደርስበት አካባቢ ቀድመው መዳረስ ያለባቸው እነሱ ይመስሉኛል። እነሱም ቢሆኑ ጉድለት አለባቸው፦ ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚፈለገው አገዳ ያንሳል፤ ቀድመው ስለሚደርሱም የወፍ መንጋ ይሰፍርባቸዋል። ገበሬ ረጅሙን ነባር ማሽላ አልተውም ሲል እነዚህን ሁሉ አስልቶ ነው፤ አዳቃዩም ያንን ስሌት ከምርቱ እኩል ማየት አለበት። የሞለኪውል ምልክቱ ጠባዩን ወደ ረጅሙ ማሽላም ለማስገባት ያስችላል።

አለመቀስቀስ ብቻውን ግን አይበቃም። የአቀንጭራ ዘር እርስ በርሱ የተለያየ ስለሆነ በደካማው ምልክት የሚነሳ ጥቂቱ ዘር ተርፎ ሊባዛ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌሎች መከላከያዎችንም በአንድ ተክል ላይ ለማከማቸት ይሠራሉ፤ ከእነሱ አንዱ አቀንጭራ ሲጣበቅ በተጣበቀበት ቦታ ዙሪያ ያለውን የራሱን ሕዋስ ገድሎ መንገዱን የሚዘጋ ማሽላ ነው። ማሳው ላይ ደግሞ ዝርያው ብቻውን አይላክም፤ ውሃ እንዲይዝ በየመሃሉ ከታገደ ፈርና ከማዳበሪያ ጋር ነው የሚሰጠው። ፎስፈረሱ ሲበረክት ማሽላው ራሱ ጥሪውን ይቀንሳል።